በመርሳት የታሰረ

የሰው ቀበቶ ምን ምን እንደሚሸት የሚያውቅ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። እኔ አውቃለሁ። ላብ ይሸታል፣ የዛገ ብረት ይሸታል፤ ባለቤቱ ሾፌር ከሆነ ናፍጣ፣ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ በርበሬ ወይም ሳሙና ይሸታል። ባለፈው ሰሞን የጫማዬን ሶል ላስለጥፍ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ሰውየው ሊጠግነው የተቀበለውን የቀበቶ ክምር ከሣጥኑ አውጥቶ አጠገቤ ዘረገፈው። ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት እንዳለ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ጫማዬን ሳልቀበል በነጠላ ጫማ ልሄድ ስል ሰውየው ነው ጠርቶ የመለሰኝ።

ያን ዓመት የኖርኩት ቃሊቲ፣ ከአክስቴ ከእታበባ ጋር ነው። እታበባ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከማረሚያ ቤቱ በር ወረድ ብሎ የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበራት። እስረኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ስልክ፣ ቻርጀር፣ ቀበቶ፣ ክብሪት ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት እሷ ጋ አስቀምጦ ይገባል፤ ሲወጣ ጥቂት ከፍሎ ይወስዳል። እንጀራዋ ይኸው ነበር። ኪዮስኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ይጮኻል፤ የሚያነሳው ግን የለም። አንዳንዱ ጠያቂ ወጥቶ ስልኩን ከተቀበለ በኋላ እዚያው ቆሞ ያለቅሳል። ያኔ እታበባ ፊቷን ታዞራለች፣ እኔንም "ዞር በይ" ትለኛለች። ዞር እላለሁ።

አባቴም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ደረጀ ይባላል፤ የገልባጭ መኪና ሾፌር ነበር፣ አሸዋ ያመላልሳል። እናቴን አላውቃትም፣ እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። እና አባቴ ሲታሰር ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቤታችን ሰው ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ እኔ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "አስቦ አይደለም እኮ፤ ረስቶ ነው። ታኮውን ረስቶ ነው" ይላሉ። ታኮ መኪና ቁልቁለት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚሸጎጥ እንጨት ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ሰፈር ሲመጣ አንዳንዴ እኔም ሸጉጬለት አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ። ለካ ሰው በመርሳት ይታሰራል።

ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም። ምክንያቱም እኔ ሜሮን በመርሳት ከአባቴ ብብስ እንጂ አላንስም ነበር።

ደብተር እረሳለሁ። ደብተር ካልረሳሁ እስክሪብቶ እረሳለሁ። ዘይት ግዢ ተብዬ ወጥቼ፣ መንገድ ላይ ውሾች ሲጣሉ ሳይ ቆሜ እቀራለሁ፤ ስመለስ ብሩም የለ፣ ዘይቱም የለ፣ ለምን እንደወጣሁም የለ። አንድ ቀን ግራና ቀኝ እግሬ ላይ የተለያየ ጫማ አድርጌ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ሰልፍ ላይ ልጆቹ እስኪስቁብኝ አላወቅሁም። ሰዓት የሚባለው ነገር ደግሞ ጭራሽ አይታየኝም ነበር። ሌላው ሰው "ኧረ ረፈደ" ሲል ከየት አውቆት ነው እላለሁ። ለእኔ ያለው አሁን እና አሁን ያልሆነ ብቻ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ቀልበ ቢስ ነበር የሚሉኝ። "ቀልበ ቢስ፣ ተነሺ። ቀልበ ቢስ፣ ምን አልኩ?" ስሜን የሚያውቁት አይመስለኝም። ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ጭንቅላት ስም አለው ይላሉ፤ ሐኪሙም አስተማሪውም ይጠራዋል። ያኔ ስሙ ዱላ ነበር።

ታዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማረሚያ ቤቱን ግንብ አየዋለሁ። ከፊቱ የሚሰለፈውንም ሕዝብ አያለሁ፤ ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ስንቅ በፌስታል ያንጠለጠለውን ወጣት። የእነዚህ ሁሉ ዘመድ ምን ምን ረስቶ ይሆን እላለሁ። አንዷን እናት ጠይቄያት አውቃለሁ። "የእርስዎ ልጅ ምን ረስቶ ነው?" አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና "እኔን" አለች። እናቱን የረሳ ሰው ይታሰራል ብዬ አምኜ ተመለስኩ።

የአባቴን ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ እታበባ የሰው ንብረት ጥላ መሄድ አትችልም። በሩ ላይ ፈታሹ ሳህኑን ይከፍትና "ቅመሺ" ይለኛል። ምግብ ያመጣ ሰው ፊታቸው ቀምሶ ማሳየት አለበት፤ ደንቡ ነው። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ስላልነበረ፣ እኔ ጨው ተረስቶ እንደሆነ ሊያጣሩ መሰለኝ። ችግሩ እታበባ ጨው ትረሳለች። እና አልጫውን አፌ ውስጥ አድርጌ፣ ጨው የሚባል ነገር እንዳልነካው እያወቅሁ፣ እንደጣመው ሰው ፊቴን ፈካ አደርጋለሁ። ፈታሹ "ምነው፣ ለአንቺ ነው እንዴ የተሠራው" ብሎ ይስቅብኛል። እኔ ግን አክስቴን ከእስር ያተረፍኳት እኔ ነኝ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

አዎ፣ እታበባም እንደኛው ናት፤ ዘር ነው መቼስ። ድስት ሳያርርባት የዋለችበት ቀን ትንሽ ነው። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ቤቱን ትገለብጠዋለች። "እኛ ቤት ለሦስት ሰው አንድ ጭንቅላት ነው የደረሰን" ትላለች፣ "እሱንም ማን ጋ እንዳስቀመጥነው እንጃ።" ኪዮስኩ ውስጥ ግን የአንድም ሰው ስልክ ጠፍቶባት አያውቅም። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቶ ጠየቅኋት።

"ጭንቅላቴን ስለማላምነው ነው" አለችኝ።

የኪዮስኩ ግድግዳ ሙሉ ምስማር ነው። እያንዳንዱ ምስማር ላይ የራሱ ቀለም ያለው ክር ታስሯል። ሰውየው ስልኩን ሲሰጣት እጇ ላይ አታቆየውም፤ ከእጁ በቀጥታ ወደ ምስማሩ ነው የሚሄደው። ከዚያ የዚያኑ ቀለም ብጣሽ ክር ጣቱ ላይ ታስርለታለች። አንድ ቀን ሱፍ የለበሰ ቸኳይ ሰውዬ "እስቲ ለጊዜው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ" ቢላት፣ "ጋሼ፣ ለጊዜው የሚባል ምስማር የለኝም" ብላ ክሩን አሰረችለት። ሰውየው ትንሽ ተቆጣ። ሲወጣ ግን ጣቱን አሳይቶ ስልኩን ተቀበለ።

ይህንኑ ሥራዋን ነው ቤት ያመጣችልኝ። በሩ አጠገብ፣ በእኔ ቁመት ልክ፣ ምስማር መታች። ቀዩ ክር የቦርሳዬ፣ ሰማያዊው የቁልፉ፣ ቢጫው የስንቅ ሳህኑ ፌስታል። ከትምህርት ቤት ስገባ ጫማዬን ከማውለቄ በፊት ቦርሳው ይሰቀላል። "ቦርሳ ቀድሞ ይረፍ፣ ሜሮን ቀጥላ ትረፍ" ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን እየረሳሁ አልጋ ላይ እወረውረው ነበር። አትቆጣኝም፤ ቦርሳውን አንስታ ታሸክመኝና እንደገና ከውጭ ታስገባኛለች። በዚያን ሰሞን አንዳንድ ቀን ደጋግሜ ከውጭ ገብቻለሁ። ጎረቤት አይቶ ይስቅ ነበር፤ እኔም መጨረሻ ላይ እየሳቅሁ ነበር የምገባው።

ሌላው ሰው ጠዋት ጠዋት "ተነሺ፣ ታጠቢ፣ ልበሺ፣ ቁርስሽን ብዪ፣ ደብተርሽን እንዳትረሺ" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲያወርድብኝ እኔ የመጨረሻዋን ብቻ ነው የምሰማው፤ እሷንም ከአልጋ እስክወርድ አልይዛትም። እታበባ አንድ ብቻ ትላለች። "ታጠቢ።" ታጥቤ እመጣለሁ። "ልበሺ።" ለብሼ እመጣለሁ። ሁለተኛውን ነገር አንደኛው ሳያልቅ ከአፏ አታወጣውም። "ይህችን የምታህል ኮረዳ እንደ ጨቅላ" ብለው ሲያሟት ሰምታለች። "ሐሜት ዳቦ አይሆን" አለችና ተወችው።

ሰዓቱን ደግሞ በጆሮ አስያዘችኝ። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ከአልጋ መውረድ ነው። የጋሽ ከድር ሱቅ የብረት በር እየተንቋቋ ሲከፈት ከቤት መውጣት ነው፣ ጫማዬ ባይታሰርም እንኳ። ጋሽ ከድር ፊት ለፊታችን ያሉ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸውን በዚያችው ሰዓት ሳይከፍቱ ቀርተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ጉንፋን ጣላቸውና ሱቁ ሳይከፈት ቀረ። እታበባ በጠዋት ወጥታለች። እኔ ቦርሳዬን አዝዬ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ የብረቱን ድምፅ ስጠብቅ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ጋሽ ከድር ሲድኑ እታበባ ይህንን ነገረቻቸው። ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት በሩን ከከፈቱ በኋላ አንድ ጊዜ በቡጢ ይመቱታል፤ ለእኔ ነው።

የቤት ሥራ ስሠራ እታበባ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። አታስረዳኝም፤ እሷም ብዙ አልተማረችም። አትናገረኝምም። እኔ እንዳላመልጥ የምትጠብቀኝ ዘብ ትመስለኝ ነበር፤ የምኖረው ዘብ በበዛበት ሰፈር ነው። ከጊዜ በኋላ እሷ ስትነሳ እኔም እንደምነሳ፣ እሷ ካለች ግን ቀልቤ እንደማይበር አስተዋልኩ። አንድ ቀን ሰፌዱን ሳየው ምስሩ አንድም ጠጠር የለበትም። ያንኑ አንድ ሰፌድ ምስር ነበር ሳምንቱን ሙሉ መልሳ መላልሳ የምትለቅመው።

ገና ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ከድር ኪዮስኩ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከእታበባ ጋር ያወራሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ ክር እቆርጣለሁ።

"አባትየው እሺ ብሏል" አሉ። "እናትየዋ ናት ያስቸገረችን። የልጄን ደም በሽማግሌ አልሸጥም ብላለች።"

"እውነቷን ነው" አለች እታበባ።

"እውነቷን ነው። ግን እርቅ ካልወረደ አመክሮው ላይ ማን ይመሰክርለታል? ይህች ልጅ አባቷ ሳይወጣ ታድጋለች።"

ከኪዮስኩ ወጣሁ። "የማን ልጅ ደም ነው?" አልኩ።

ጋሽ ከድር መሬት መሬት አዩ። እታበባ እንደ ሁልጊዜዋ አንድ በአንድ ነበር የነገረችኝ። "መኪናው ተንሸራተተ" አለች። ጠበቀችኝ። "ልጅ ገጨ" አለች። ጠበቀችኝ። "ሞተ። ናቲ ይባላል። ካንቺ በትንሽ ነው የሚያንሰው።"

ከዚያ ቀን በፊት መርሳት የሚያሳስር ነገር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገድል ነገር ሆነ። እንቅልፌ ጠፋ፣ ምግብ አልገባ አለኝ። በሩን ዘግቼ ተመልሼ አየዋለሁ፤ አይቼው ደግሞ ማየቴን እጠራጠራለሁ። የግማሽ ዓመቱ የሒሳብ ፈተና ላይ፣ ከሁሉም የማልጠላው ትምህርት ነበር፣ እየሠራሁ ሳለ ጠዋት ሻይ ያፈላሁበትን ቡታጋዝ አጥፍቼው ይሆን የሚል ነገር መጣብኝ። ቡታጋዙ ሲፈነዳ ታየኝ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት የጎረቤት መንታ ሕፃናት ታዩኝ። እስክሪብቶዬን ጥዬ ወጣሁ። ዘበኛው እየጮኸ ተከተለኝ፤ ሮጬ አመለጥኩት። ቤት ስደርስ ቡታጋዙ ጠፍቷል፤ እንዲያውም ቀዝቅዟል።

ስመለስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። ዩኒት ሊደሩ ግቢው መሃል ጠጠር ላይ አንበረከከኝ። "ይህች ስምንተኛን ካለፈች ስሜን ቀይሩኝ" እያለ ለአስተማሪዎቹ ያሳየኛል። ፈተናው ዜሮ ሆነ። ጉልበቴ ደምቶ ኪዮስኩ ስገባ እታበባ የሰው ቀበቶ እየጠቀለለች ነበር።

"ምን ፈርተሽ ነው?" አለችኝ፤ ምን ሆንሽ አላለችም።

"ሰው እንዳልገድል" አልኳት።

ቀበቶውን ይዛ ዱቄት ከረጢት ላይ ዘፍ አለች። አለቀሰች። ዞር በይ አላለችኝም። ከዚያ ማታ ይሁን ሌላ ቀን አላስታውስም፣ እጄን ይዛ ቡታጋዙ ጋ ወሰደችኝ። "ስታጠፊ ንኪው። ነክተሽ 'አጥፍቻለሁ' በይ፤ ጮክ ብለሽ። ዓይንሽ ቢዋሽ ጆሮሽ ይመሰክራል።" ከዚያ ወዲያ በሩንም፣ ቧንቧውንም፣ ቡታጋዙንም እነካና እናገራለሁ። ትምህርት ቤት "እብዷ" የሚል ስም ተጨመረልኝ። ግድ አልሰጠኝም፤ ቢያንስ እየተፈተንኩ አልሮጥም።

አባቴን ሽቦው ማዶ ሳየው በየሳምንቱ ትከሻው እየጠበበ ይሄዳል። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ትምህርት እንዴት ነው?" እኔ ግን አንድ ቀን መልሱን ትቼ ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ታኮውን እንዴት ረሳኸው?"

ሽቦውን በጣቱ ያዘ። "ከመኪናው ስወርድ አስቤዋለሁ" አለ። "ከዚያ ስልክ ተደወለ። ከዚያ የአሸዋው ባለቤት ጠራኝ። ከዚያ... እያሰብኩት ነበር ሜሪዬ። እያሰብኩት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አልኩት። እውነቴን ነበር። ያንን 'ከዚያ፣ ከዚያ' ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው በዚያ ግቢ ውስጥም ውጭም አልነበረም።

"እኔን አትምሰዪ" አለኝ ዘቡ ሰዓት ሲል። ምን ላድርግ፣ መስያለሁ።

ፋሲካ አልፎ ጋሽ ከድር መልስ ይዘው መጡ። እናትየዋ፣ ወይዘሮ ገነት፣ እሺ ሳትል እንቢ ሳትል አንድ ቃል ሰጥታለች። እሑድ ጠዋት ይምጡ፤ ካረፈዱ በሬን አልከፍትም፣ ሁለተኛም ሽማግሌ አላይም። ቤተሰቡ አቃቂ በሰቃ ነበር የሚኖረው። ልጃቸው የሞተበትን መንገድ በየቀኑ መርገጥ ስላልቻሉ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ገብተዋል። ጋሽ ከድር "ልጅቷም ትምጣ፤ ማን እንደሚቸገር ይዩት" አሉ።

ያን ሳምንት እታበባ እንደ ጦር ነው የተዘጋጀችው። የሁላችንም ልብስ ከሐሙስ ጀምሮ ምስማር ላይ ነበር። ነጠላዋ በነጭ ክር፣ ቀሚሴ በቀይ፣ ለታክሲ የሚሆነው ብር በቢጫ። የኪዮስኩን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጠች። ሽማግሌዎቹ እንዳያረፍዱ ጋሽ ከድር በየቤታቸው እየዞሩ እንዲያነሷቸው አደረገች። አንድ ነገር ብቻ ነበር ምስማር ላይ የማይሰቀል። እኛ አገር ደም ያለበት ሰው ይቅርታ ሲለምን ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ይደፋል፤ ባለ ደሙ "አውርደው" እስኪለው ድረስ ቀና አይልም። አባቴ መምጣት ስለማይችል ድንጋዩን የምትሸከመው እታበባ ናት። ከወንዝ ዳር መርጣ አመጣችው፣ አጠበችው፣ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው።

ቱሉ ዲምቱ የደረስነው ከቀጠሮው ቀድመን ነው። በሕይወቴ ቀድሜ የደረስኩበት የመጀመሪያው ቦታ ሳይሆን አይቀርም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ብሎኩ ሥር ቆመን ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ጋሽ ከድር ዞር አሉ።

"ድንጋዩስ?"

እታበባ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ፊቷ አመድ መሰለ።

አንደኛው ሽማግሌ "ያለ ድንጋይ እንግባ" አሉ። ሌላኛው "ንቀት ነው፤ አትሞክሩት" አሉ። ተመልሶ ለማምጣት ታክሲው ብቻ ቀጠሮውን ይበላዋል። ብሎኩ ጥግ ላይ ለመንገድ የተከመረ ኮብልስቶን ነበር። እታበባ ሄዳ አንዱን አነሳች። አራት ማዕዘን ነው፣ አሸዋው ገና አልረገፈም። ማጅራቷ ላይ አስቀምጣ በአንድ እጇ ደግፋ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። አራተኛ ፎቅ ነው። በየፎቁ በር ገርበብ እያለ ሰው ያየናል። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አሸዋው አንገቷ ላይ ሲንቆረቆር አያለሁ።

በሩ ተከፈተ። እታበባ ደፉ ላይ ተንበረከከች፣ እኔም አጠገቧ። የናቲ አባት ሶፋው ጫፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ጋሽ ከድር ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሰው ልጅ ድካም ተናገሩ። ከጓዳ ወይዘሮ ገነት ወጣች። ቀጭን ሴት ናት፣ ጥቁር ለብሳለች። እኛን አላየችም፤ ድንጋዩን ነው ያየችው።

"ይህ እኮ ከታች የተከመረው ኮብልስቶን ነው" አለች።

ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንደኛው ሽማግሌ "እህታችን መንገድ ላይ..." ብለው ሊጀምሩ ሲሉ እታበባ ከድንጋዩ ሥር ሆና አቋረጠቻቸው።

"ረስቼው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ከርሜ፣ ድንጋዩን አጥቤ አልጋ ሥር አስቀምጬ፣ ረስቼው መጣሁ። ንቀት አይደለም እህቴ። ወንድሜም እንዲህ ነው፣ ይህችም ልጅ እንዲህ ናት። እንዲህ አድርጎ ነው የፈጠረን። ይቅር ባይሉንም ውሸት አልነግርዎትም።"

እኔ ያለቀልን መሰለኝ፤ አባቴ ከዚያ ሽቦ ማዶ ሲያረጅ ታየኝ። ወይዘሮ ገነት ወደ እኔ መጣች።

"አንቺም ትረሻለሽ?"

"አዎ።"

"ምን?"

"ደብተር። እስክሪብቶ። ሁሉንም።"

ቆመች። "የኔም ደብተሩን ረስቶ ነው" አለች። "ያን ቀን ጠዋት ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ለስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እንጃ። ጆሮውን ጠመዘዝኩት። ዛሬ ብታረፍድ ወዮልህ ብዬ አባረርኩት። እየሮጠ ነው የወጣው።" ባልየው ቀና አለ። ይህንን ከሚስቱ አፍ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። "እየሮጠ ባይሆን መኪናውን ያየው ነበር" አለች፣ ለእሱ ይሁን ለእኛ አይታወቅም።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ራሷ ከእታበባ ማጅራት ላይ አነሳችው። ሽማግሌዎቹ "ተመስገን" አሉ፤ ባልየው ለአመክሮው የሚሆነውን እንደሚመሰክር ቃል ሰጠ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ወይዘሮ ገነት ግን ወሬው ውስጥ አልነበረችም። አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"አሁንስ ደብተርሽን እንዴት ነው የማትረሺው?" አለችኝ።

እታበባን አየኋት። "ንገሪያት" አለችኝ።

ነገርኳት። ልጅ ስለነበርኩ ነው፤ አሁን ቢሆን አፌን እይዝ ነበር። አክስቴ አንድ አንድ ነገር ብቻ እንደምትነግረኝ ነገርኳት። "ሳትቆጣሽ?" አለች። "ሳትቆጣኝ" አልኩ። ስለ ምስሩ፣ ስለ ሱቁ የብረት በር፣ ስለ ምስማሮቹና ስለ ክሮቹ ነገርኳት። በየመሃሉ እያስቆመች ትጠይቀኛለች፤ ምንም እንዳያመልጣት ነው።

"ምስማሩ የት ነው የሚመታው?"

"በሩ አጠገብ። በልጁ ቁመት ልክ።"

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ተከተልኳት። እዚያ በነጭ ቀለም የተቀባ ባዶ ግድግዳ አለ። ክንዴን ዘርግቼ መዳፌን ግድግዳው ላይ፣ ትከሻዬ ትይዩ አድርጌ አሳየኋት።

ወይዘሮ ገነት እጄን ያዘችና ትንሽ ወደ ታች ዝቅ አደረገችው።

"ናቲ ካንቺ ያጥራል" አለች።